ሙያ ለመማር ስንት እናወጣለን፣ ስንትስ እናገኛለን?

(በአሽቀሎን ማሪና አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የምሽት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)

ቀኑን ሙሉ በሥራና በኡልፓን ውላችሁ በዚህ ምሽት እስከ ማሪና ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሕፃናት የያዛችሁ እናቶች ከኋላ ሰፊ ቦታ አለ። ቢያለቅሱም ግድ የለም፣ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሙያ ኩርስ ነው። ወደ ማኅበራችን ቢሮ በየሳምንቱ አንድ ሰው የታጠፈ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ነጭ የደህንነት ቆብ ያደረገ ሰው ፈገግ ብሎ ይታያል፤ ከሥሩ በትልቅ ፊደል ብዙ ሺህ ሸቀል ደመወዝ ተጽፏል። ሰውየውም፦ «ጋሼ፣ ይህን ልግባበት ወይስ ልተወው?» ይለኛል። እኔም፦ «እስቲ ቁጭ በል፣ እርሳስ አምጣና እናስላ» እለዋለሁ። ዛሬም ከእናንተ ጋር የማደርገው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ልናገር። እኔ የመጣሁት በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ነው፤ ያን ጊዜ የ19 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፋብሪካ ሥራ ያጠራቀምኋትን ገንዘብ ይዤ አንድ የብየዳ ኩርስ ገባሁ። የትኛው ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬ የለም። አራት ወር ተማርሁ፣ በቀለም ያጌጠ ቴዑዳ ተሰጠኝ፣ እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ግን የፋብሪካው ኃላፊ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና፦ «የመንግሥቱስ ፈተና?» አለኝ። የመንግሥት ፈተና የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወደ ቀድሞው ሥራዬ ተመለስሁ። በሁለተኛው ጊዜ ማታ ማታ እየተማርሁ የማቀዝቀዣና የማዝጋን ሙያ ያዝሁ፣ ፈተናውንም አለፍሁ። ቤቴን የገዛሁትም ልጆቼን ያሳደግሁትም በዚያ ነው። እንግዲህ አንዱ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነብኝ፣ ሌላው እንጀራ ሆነኝ። ሁለቱን ስገባባቸው ግን ልዩነታቸውን አላውቅም ነበር።

ደግሞ ሙያ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «እነዚህ ሰዎች ከገጠር ነው የመጡት፣ እጃቸው ሥራ አያውቅም» የሚል ሰው በዚህ ሀገር ያጋጥማችኋል። አባቶቻችን ማረሻ ቀጥቅጠዋል፣ ሸማ ሠርተዋል፤ እናቶቻችን የሠሯቸው ገንቦዎች በጎንደር ገበያ ሁሉ ይሸጡ ነበር። ለጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲሠራ ግንበኛና አናጢ ሆነው ከሠሩት መካከል ቤተ እስራኤል ይገኙበታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኦርት የተባለው የአይሁድ ድርጅት በጎንደር አካባቢ መንደሮቻችን ይሠራ እንደነበር፣ በ1981ም የደርግ መንግሥት እንዳስወጣው ከሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱ አሉ። ይህን የማነሣው ለኩራት ብቻ አይደለም። ምዝገባ ላይ የተቀመጠ ሰው «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «ምንም» አትበሉ። ብረት ያጋለ፣ ቤት ያቆመ፣ በአዲስ አበባ ጋራዥ የዋለ ሁሉ ሠርቷል፤ ይህን ተናገሩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ።

ገበሬ አዲስ መሬት ሊይዝ ሲል የሚያስበው የዘሩን ዋጋ ብቻ አይደለም። በሬውስ ከየት ይመጣል? ከሁሉ በላይ ደግሞ እስከ መኸር ድረስ ቤተሰቡ ምን ይበላል? ኩርስም እንደዚሁ ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዋጋ የዘሩ ዋጋ ነው። ቤት የሚያፈርሰው ግን እስከ መኸር ያለው ቀለብ ነው፤ እርሱ ደግሞ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም።

ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስላት ያህል የወሰድኋቸው ናቸው፤ እናንተ ቤት ስትገቡ የራሳችሁን ታስገባላችሁ። አንድ አባት በዝቅተኛው ደመወዝ ይሠራል እንበል። ይህ ደመወዝ በኤፕሪል 2025 ለሙሉ ሥራ በወር 6,247 ሸቀል ከ67 አጎሮት፣ በሰዓት 34 ሸቀል ከ32 አጎሮት ሆኖ ተወስኖ ነበር። በኤፕሪል ወር ስለሚታደስ የጊዜውን ጠይቁ። ከዚህ ላይ የቢቱዋህ ለኡሚ፣ የጤናና የጡረታው ሲቆረጥ በእጁ የሚገባው 5,600 ሸቀል ገደማ ነው።

ይህ አባት ሥራውን ትቶ ስድስት ወር የቀን ኩርስ ገባ። የኩርሱ ዋጋ 6,000 ሸቀል ነው እንበል፤ መሣሪያና የሥራ ጫማ 1,500፤ አውቶቡስ 900። ድምሩ 8,400 ነው። «ይህን እችላለሁ» ይላል። ነገር ግን ስድስት ወር ያላገኘው ደመወዝ አለ፤ 5,600 በስድስት ሲባዛ 33,600 ይሆናል። እውነተኛው ዋጋ እንግዲህ 42,000 ሸቀል ነው። ከአራት እጅ ከሦስቱ እጅ የሚበልጠው ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈው ነው።

ትርፉን ደግሞ እንይ። ኩርሱን የጨረሰ ሰው በማግስቱ ሙሉ ባለሙያ አይሆንም። መጀመሪያ የባለሙያ ረዳት ሆኖ መሰላል ይሸከማል፣ ሽቦ ይስባል፤ በዚያም ጊዜ ክፍያው ከቀድሞው ብዙም አይለይም። እኔ ረዳት ሆኜ የሠራሁት ስምንት ወር ነው፤ ስለዚህ ስምንት ወር እንበል። ከዚያ በኋላ በወር በእጁ 2,000 ሸቀል ጭማሪ ቢያገኝ 42,000ውን ለመመለስ 21 ወር ይፈጅበታል። ስድስት የትምህርት፣ ስምንት የረዳትነት፣ ሃያ አንድ የመመለሻ፤ በጠቅላላው 35 ወር ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ነው የሚቀረው።

አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲከፋ አያለሁ። ቆዩ፣ አትነሡ።

ያው አባት ሥራውን ሳይተው በሳምንት ሦስት ምሽት አንድ ዓመት ቢማርስ? የሚያጣው ትርፍ ሰዓቱን ነው። በሕጉ የቀኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትርፍ ሰዓታት የሚከፈሉት 125 በመቶ ነው፤ በምሳሌያችን ሰዓቱ ወደ 43 ሸቀል ይመጣል። ሦስት ምሽት፣ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት 257 ሸቀል ያህል ነው። የሚቆረጠው ተቆርጦ በወር 1,000 ሸቀል ብለን እንያዘው፤ በዓመት 12,000 ይሆናል። በዚያ ላይ ያንኑ 8,400 ስንጨምር 20,400 ሸቀል ነው። በወር 2,000 ጭማሪ በአሥር ወር ከጥቂት ቀን ይመልሰዋል። አሥራ ሁለት የትምህርት፣ ስምንት የረዳትነት፣ አሥር የመመለሻ፤ 30 ወር።

በአሥር ዓመት ስሌት ከታየ ሁለቱ መንገዶች እምብዛም አይራራቁም። ልዩነቱ በመካከል ነው። የቀኑ ተማሪ ቤተሰቡን 42,000 ሸቀል ጉድጓድ ውስጥ ያወርዳል፤ የማታው ተማሪ የሚያወርደው ከዚያ ግማሽ በታች ነው። በመካከል ልጅ ቢታመም፣ የኪራይ ቤት ባለቤቱ ውጡ ቢል፣ ጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው ኩርሱን አቋርጦ ወደ ሥራ ይሮጣል። ሲያቋርጥ ደግሞ ወጪው ሁሉ ይቀራል፣ ቴዑዳውም የለም። ስለዚህ በበኩሌ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ማታ ይሻላል እላለሁ። ድካሙ እንዴት እንደሆነ አልደብቃችሁም። በአውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ስንት ጊዜ መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ፤ ባለቤቴም ያን ዓመት «ባል አለኝ ወይስ የለኝም?» ትል ነበር።

ሥራ የሌለው ሰው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ሥራ የሚፈልግ ሰው ቀን ቢማር የሚያጣው ደመወዝ የለም፤ ለእርሱ የቀን ኩርስ ርካሽ ነው። እንደዚሁም ከሠራዊት የወጣ፣ ከወላጆቹ ቤት ያለ ወጣት። ይሁንና ከቢቱዋህ ለኡሚ የሥራ አጥ ገንዘብ ወይም የገቢ ማሟያ የምታገኙ ከሆነ፣ ኩርሱ ያንን ገንዘብ ይነካ እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ መልስ በኋላ ምስክር የለውም።

ስለ እርዳታም እንዲሁ ነው። የሥራ ሚኒስቴርና የክሊታ ሚኒስቴር የሙያ ኩርስ ዋጋ ከፊሉን የሚሸፍን ቫውቸር የሚሰጡባቸው ፕሮግራሞች አሏቸው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ መመዘኛ አለው። ቫውቸር የሚጠየቀው ከመመዝገብ በፊት ነው። ከፍሎ ትምህርት ከጀመረ በኋላ «ይመለስልኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከሠራዊት የወጡ ልጆቻችሁም የግል ተቀማጭ ገንዘብ አላቸው፤ ከወጡ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ለትምህርትና ለሙያ ኩርስ ሊያወጡት ይችላሉ። ልጁ በዚያ ገንዘብ መኪና ሊገዛ አስቦ እንደሆነ፣ አባትየው በቁጣ ሳይሆን ይህን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቀመጥ።

ወዴት ነው የሚማሩት ለሚለው፣ ከተማችንን እዩ። ከዚህ በስተደቡብ ጭስ ማውጫዎቹ ከሩቅ የሚታዩት የሩተንበርግ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። በ2005 ሥራ የጀመረው የባሕር ውኃ ማጣሪያም በዚያው ወገን ነው። የባርዚላይ ሆስፒታል አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ሞተር፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን አለ፤ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ከመስኮቱ ውጪ የምታዩአቸው ጀልባዎችም ሞተራቸው ይበላሻል። እኔን ያኖረኝ ደግሞ ይህ የባሕር ጨው ነው። ጨዋማው አየር የማዝጋኑን የውጭ ክፍል ይበላዋል፤ ከባሕሩ ዳር ያለው ቤት ከመሀል ከተማው ቤት ቀድሞ ይጠራኛል። በጁላይና በኦገስት ስልኬ ጸጥ አይልም። በክረምት ግን አንዳንዱን ሳምንት ሻይ ስጠጣ እውላለሁ፤ ስለዚህ የበጋውን ገንዘብ በአሥራ ሁለት ወር ማካፈል ተምሬአለሁ። «በቀን ይህን ያህል አገኛለሁ» የሚላችሁን የግል ሠራተኛ፣ «በዓመት ስንት ቀን?» ብላችሁ ጠይቁት።

ኤሌክትሪክ ጥሩ ሙያ ነው፤ ሆኖም በ1954 በወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መሥራት ክልክል ነው። ፈቃዱም በደረጃ የተከፈለ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ለመማር የምትፈልጉ «በመጨረሻ የማገኘው የትኛውን ደረጃ ፈቃድ ነው? የሚፈትነኝስ ማነው?» ሳትሉ አንድ ሸቀል አትክፈሉ። በእኔ ላይ የደረሰው በእናንተ አይድረስ።

የሚጠፋ ሙያም አለ። አክስቴ በ1980ዎቹ መጨረሻ ስፌት ተማረች፤ በጊዜው በደቡቡ ሀገር የስፌት ፋብሪካ ሞልቶ ነበር። በ1990ዎቹ ግን ፋብሪካዎቹ ሥራቸውን ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብጽ ያዛውሩ ጀመር፤ አክስቴም በሃምሳ ዓመቷ ጽዳት ገባች። እጇ እስከ ዛሬ ወርቅ ነው፤ የበዓል ልብሳችንን የምትሰፋልን እርስዋ ነች። ማንም ከሩቅ ሀገር ተቀምጦ የማይሠራውን ሥራ መምረጥ እንዲህ ካለው ያድናል። የፈነዳ ቧንቧ ለመጠገን ሰው የግድ ቤት ድረስ መምጣት አለበት።

ሁሉ ነገር በሸቀል አይለካም የሚል ሰው ቢኖርም ትክክል ነው። አንዲት ጎረቤቴ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ታጸዳ ነበር፤ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እርስዋ ተኝታ፣ እነርሱ ሲተኙ እርስዋ ወጥታ። ከዚያ የሳያዓት ኩርስ ወሰደችና በሕፃናት ጋን ውስጥ የመምህርት ረዳት ሆነች። ደመወዟን አብረን አሰላነው፤ ጭማሪው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በእኔ ሒሳብ ቢሆን «ተዪው» ባልሁ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ከልጆቿ ጋር ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች፣ በዓሉን ከእነርሱ ጋር ታርፋለች፣ ከሕፃናቱም ጋር ስትውል ዕብራይስጧ ከእኔ በልጧል። ታላቁ ልጅዋ ትምህርቱን ሊተው ደርሶ ነበር፤ ተመልሷል። ይህን በየትኛው መስመር እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ መጻፍ አለበት።

ለልጆቻችሁ ደግሞ ሀንደሳይ የሚባለው መንገድ አለ። ከመሐንዲስ ዝቅ፣ ከቴክኒሻን ከፍ ያለ ሙያ ነው። በሥራ ሚኒስቴር ሥር ያለው ማህት የተባለው ተቋም ይቆጣጠረዋል፤ በቀን ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል፣ በማታ ይረዝማል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ መሆን ያስፈልጋል። በአቅራቢያችን በስዴሮት አጠገብ ባለው በሳፒር ኮሌጅ የቴክኖሎጂ ክፍል አለ። ወደ ኮምፒውተር የሚያዘነብሉ ወጣቶችም ቴክ ካሪየራ የተባለውን፣ ከእኛው ልጆች የተመሠረተውንና ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ስልጠና የሚሰጠውን ድርጅት ይጠይቁ። በሀንደሳይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሁለቱን ዓመት ተቀምጠው ተምረው፣ የመንግሥቱን ፈተና ወይም የመጨረሻውን ፕሮጀክት ሳያጠናቅቁ የሚወጡ ብዙ ናቸው። እነዚህ ዲፕሎማ የላቸውም። ሥራ አገኙና «ፕሮጀክቱን በኋላ እጨርሳለሁ» አሉ፤ በኋላም ሳይመጣ ቀረ። ልጃችሁ «ትምህርት ጨረስሁ» ሲላችሁ «እሰይ» በሉና፣ «ዲፕሎማውንስ አሳየኝ» በሉት።

አሁን ስለ ውሉ ልናገርና ላብቃ። ብዙ ኩርስ የሚሸጠው በስልክ ነው። ደዋዩ ለስላሳ ቃል አለው፣ «ዛሬ ካልተመዘገብህ ቦታው ያልቃል» ይላል። እናንተ ስለማታፍሩበት ነገር «ከቤተሰቤ ጋር ልማከር» በሉት። ተሳስታችሁ በስልክ ተስማምታችሁም ከሆነ ቶሎ ወደ እኛ ኑ። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ወደ ሀገር ከገባ አምስት ዓመት ላልሞላው ኦሌ፣ እንደዚሁም ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ ከሩቅ የገባውን ውል በአራት ወር ጊዜ ውስጥ እንዲሰርዝ መብት ይሰጠዋል። ለአብዛኛው ሌላ ሰው የተሰጠው አሥራ አራት ቀን ብቻ ነው። የተጠቀማችሁበትን ያህል ልትከፍሉ ትችላላችሁ፣ ግን ሙሉውን አትጠየቁም። ይህን ሳያውቁ እስከ መጨረሻው የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱ ኩርሱን አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠበትም።

ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ከተመዘገባችሁ ግን ይህ የአራት ወር መብት አይሠራም፤ ስለዚህ እዚያ ቁጭ ብላችሁ አትፈርሙ። ውሉን ውሰዱና ቤት አምጡት። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ልጁ ቃሉን ያነበዋል እንጂ «በሚያቋርጥበት ጊዜ» የሚለው ምን እንደሚያስከትል አያውቅም። ባለፈው ዓመት የጨረሱ ሁለት ተማሪዎችን ስልክ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የት እንደሚሠሩ ከእነርሱ አፍ ስሙ። ለመስጠት እምቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አንድ አባት ቅድም በር ላይ፦ «ልጄ፣ እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ብለውኝ ነበር። አባቴ፣ እርስዎ ጡረታ እስኪወጡ አሥራ አምስት ዓመት አለዎት። በምሳሌያችን የማታው ኩርስ በሁለት ዓመት ተኩል ወጪውን ይመልሳል፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ይቀርዎታል። ጥያቄው ዕድሜዎ አይደለም፣ ወገብዎና ዕብራይስጥዎ ነው። ወገብዎ መሰላል የማይችል ከሆነ ማዝጋን አይማሩ። ዕብራይስጡ ገና ከሆነ ደግሞ ኡልፓኑን ይጨርሱ፤ መምህሩ የሚለውን ካልሰሙ የከፈሉት ለወንበሩ ነው።

ማክሰኞ ማታ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ቢሮ እቀመጣለሁ። ኩርስ ያሰበ ሁሉ ይምጣ። የሦስት ወር ትሉሻችሁን፣ የቤት ኪራይ ውላችሁንና የኩርሱን ወረቀት ያዙ። ባልና ሚስት አብራችሁ ብትመጡ ይሻላል፤ አንዳችሁ ስትማሩ ሌላችሁ ልጆቹን የምትይዙ ናችሁና። እርሳስ እኔ ጋ አለ።